የእትዬ ከድጃ ምሰሶ

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብላ ባለች መንደር የአባቴ እህት እትዬ ከድጃ ተረት ይነግሩን ነበር። ያኔ ክረምት ሲገባ ቢምቢው አላስቀምጥ ስለሚል ደጃፉ ላይ ኩበት ይጨስ ነበር፤ እኛ ልጆች ኩራዙን ከበን እንኮለኮላለን፣ እሳቸው የቤቱን ምሰሶ ተደግፈው ይጀምራሉ። ምሰሶውን ጠርበው ያቆሙት ሟች ባለቤታቸው ነበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ ከባለቤታቸው የቀራቸው ያ ቤት ብቻ ነበር።

ተረቱ የምስጥና የጉንዳን ነው። እህትና ወንድም ነበሩ አሉ። እናታቸው ስትሞት ምስጥ ከሐዘኗ የተነሳ ፀሐይ አላይም ብላ ማለች፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ዓይነ ስውር ሆና ቀረች፤ መንገዷን እንኳ በጭቃ ሳትከድን አትራመድም። ጉንዳን ግን ጠቁሮ፣ መንጋጋውን ስሎ፣ በጠራራ ፀሐይ ተሰልፎ ይሄዳል፤ ያገኘውን ይነክሳል።

«ማንኛቸው ይሻላል?» እንላለን።

«ምስጥ ናት እንጂ። ገመናዋን ሸፍና የምትኖር ጨዋ። ጉንዳን ምን አለው፣ ዓይን አውጣ» ይሉናል። እኔም ተነክሼ ስለማውቅ በፍርዱ እስማማ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉንዳን ተሰልፎ ቤታቸው ገባ። ጥቁሩ መስመር በምሰሶው ሥር ባለች ስንጥቅ ይገባል፤ ሲመለስ እያንዳንዱ ጉንዳን ነጭ ምስጥ በአፉ ይዞ ይወጣል። እትዬ ከድጃ ተናደዱ።

«ያ ረቢ፣ ሰው ቤት ገብቶ ደካማ ይዘርፋል?» ብለው ከምድጃው ትኩስ አመድ ዝቀው በተኑበት። ሰልፉ ተበታተነ፤ ተመልሶም አልመጣ። ያን ምሽት ተረቱን በኩራት ነገሩን።

ክረምቱ ሳይወጣ ጣራው ዘመመ። አባቴ መጥቶ ምሰሶውን በጣቱ ቢጫነው ጣቱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ላዩ እንደ ድሮው ነበር፣ ውስጡ ግን አፈር ሆኗል። ጎረቤት ተጠርቶ ሌላ ግንድ ተተካ። እትዬ ከድጃ ደጅ ላይ ተቀምጠው አሮጌውን ምሰሶ እየዳበሱ አለቀሱ።

«እየተደገፍኩት አለቀ» አሉ።

በአዲሱ ምሰሶ ሥርም ተረቱ ቀጠለ፤ ቃሉ አልተለወጠም። ማንኛቸው እንደሚሻል ስንጠይቃቸው ግን እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደድ አድርገው ምሰሶውን ያንኳኩና ድምፁን ያዳምጣሉ።

ጉንዳንን ዛሬም አልወደውም፤ ይነክሳል። ቤቴ ተሰልፎ ሲገባ ግን እግሬን ሰብሰብ አድርጌ፣ አመዱን ሳልነካ፣ ምን ይዞ እንደሚወጣ አያለሁ።