ብረቷ

የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ስትቀጠር ሆደ ቡቡ ነበረች። የተደበደበ ልጅ አይታ በተመለሰች ቁጥር መጸዳጃ ቤት ገብታ ታለቅስና ፊቷን ታጥባ ሥራዋን ትቀጥላለች። ባልደረቦቿ ይስቁባት ነበር፤ በክፋት ግን አይደለም።

ጥቂት ዓመታት እንደሠራች፣ ቢሮው ልጁን የወሰደበት አንድ አባት ቤት ገብታ ሳለ ሰውዬው በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ልጄን ካልመለስሽልኝ አትወጪም አላት። አልመታትም። መዶሻ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ጎረቤት ጠርጥሮ በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ ስለ ልጁ ትምህርት፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ አፏ ላይ የመጣላትን ሁሉ ስታወራው ዋለች። ኃላፊዋ እንኳን ተረፍሽ ብላ አቀፈቻት። በማግስቱ ሌላ ቤት ላከቻት፤ የሚተካት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ማልቀስ ተወች። "ብረቷ" የሚል ስም ወጣላት፤ ከባድ ከባዱ ጉዳይም ወደ እሷ ይመራ ጀመር። ቤቷ ግን በር ሲዘጋ አትወድም፤ ገላዋን እንኳ በሩን ገርበብ አድርጋ ነው የምትታጠበው። ልጇ የትምህርት ቤት ወሬ ስታወራላት ራሷን ትነቀንቃለች እንጂ አትሰማትም። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ነገር አያበዛም። አንድ ቀን ብቻ፣ "የሰው ልጅ ስትጠብቂ የራሳችንን ልጅ ጎረቤት አሳደጋት" አላት። ስቃ አለፈችው።

አንድ ጠዋት አንዲት ትንሽ ልጅ ከወላጆቿ ቤት ልታወጣ ሄደች። ልጅቷ የጠረጴዛውን እግር አቅፋ ስትጮኽ፣ እሷ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያላቀቀች የልጇን ጫማ የት እንደምታሰፋ ታስብ ነበር። ልጅቷ ሸንታባት ቀሚሷ መራሱን ያወቀችው መኪና ውስጥ ነው።

ቢሮ እንደተመለሰች ኃላፊዋ ዘንድ ገባች።

"ዛሬ ልጅቷ ስትጮኽ አልሰማኋትም" አለቻት።

ኃላፊዋ እረፍት ብትወስድ እንደሚሻላት ነገረቻት።

"እረፍቱንስ እወስዳለሁ። ስመለስ ግን ብቻዬን የሰው ቤት አልገባም።"

ኃላፊዋ፣ "እኔ እኮ ይህን ወንበር የያዝኩት ጎበዝ ሆኜ አይደለም" አለች። "የሰው ደጃፍ መርገጥ ስላቃተኝ ነው።"

ረዘም ያለ ፈቃድ ተሰጣት። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ባሏ እየገፋፋት ሐኪም ማየት ጀመረች። ስትመለስ ቢሮው ሠራተኞች ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሄዱ ወስኖ ጠበቃት። አብሯት የሚሄደው አዲስ የተቀጠረ ወጣት ወሬ አያልቅበትም፤ ደረጃ ሲወጡ ግን ቀድሞ የሚያንኳኳው እሱ ነው።

በሁለት ሰው መሄድ ግን ሥራውን አጓተተው። ቀድሞ ጥቆማ በደረሰ በሳምንቱ ይታይ የነበረ ልጅ አሁን ተራ ይጠብቃል። አንዳንድ ባልደረቦቿ በዚህ ያሟታል። እሷም ልክ ናቸው ትላለች፤ ብቻዋን ግን አትሄድም።