እምቢ ያልኩት የሣር ትራክተር

ትምህርቱን በጊዜ የተውኩት መቀመጥ ስለማልችል ነው፤ አሮጌ የሣር ማጨጃ ትራክተር ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ተደፍቼ ስጠግን እውላለሁ። አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ልጃቸው ጋ ለመኖር ሙቭ ሳያደርጉ፣ ሟች ባለቤታቸው ትነዳው የነበረውን፣ ተበላሽቶ የቆመውን ትራክተር ድምፅ አንዴ መስማት ፈለጉ። ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ እየተመላለስኩ ነዳጅና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡሬተር አጠብኩ፣ ዝገቱን ፍቄ ቀለም ቀባሁት። እንዲህ ያለ ግሩም ማሽን ነክቼ አላውቅም፤ ልቤ እሱ ላይ ቀረ።

ሞተሩ የተነሣ ቀን ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ድምፁን አዳመጡ። ሞተሩን ሳጠፋ፣ «ውሰደው፣ ያንተ ነው» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም! አይሆንም!»

ሰው አንዴ ሲሰጡት ዘሎ ይቀበላል እንዴ? እስኪደግሙልኝ ጠበቅኩ። እሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ ቤት ገቡ።

በሳምንቱ እሺ ልላቸው ፒክአፕ ተውሼ ሄድኩ። ቤቱ ባዶ ነው። ከጎረቤት ግቢ ግን ያ ሞተር ይሰማል። ብቅ ስል አንድ ያገሬ ሰው፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ላዩ ላይ ተቀምጠው ሣር ያጭዳሉ።

«አባቴ፣ ሽማግሌው ለእርስዎ ሰጡዎት?»

«አዎ ልጄ። መጀመሪያ የሠራውን ልጅ ውሰድ ብለውት እምቢ አለኝ አሉ። እኔ ገና ተናግረው ሳይጨርሱ ነው ታንክዩ ያልኩት።»