«ጨው» ብዬ የጻፍኩበት ፌስታል

ያን ቀን ከወይራው ሥር ለምን ዝም አልኩ? ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ሰበብ አላጣም። ራሴን ስጠይቅ ግን እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ስለዚህ ጉዞውን ከመነሻው እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ከላሊበላ የተነሳሁት ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። ታላቅ እህቴ እት ውዴ ከሙጃ ወዲህ ካለች የመንገድ ዳር መንደር ደውላ፣ «ቦራ ሞተችብኝ» ብላ አልቅሳ ነበር። ቦራ አንድያ ላሟ ናት። ሆዷ ተነፍቶ ሦስት ቀን ሳታመሰኳ ቆይታ ሞተች። ቆዳዋን ሲገፉ ከሆዷ የፌስታል ድቡልቡል ወጣ። «የሰው ራስ ያህላል» አለችኝ። እንግዲህ ላጽናናት ነው የሄድኩት።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መናኸሪያ

የገና እንግዳ ከሄደ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ላስቲኩ ግን አልሄደም። ከመናኸሪያው በታች ያለው ሸለቆ በውሃ ጠርሙስና በፌስታል ነጥቷል። አንድ ጥግ ላይ ቆሻሻው ሲቃጠል ያደረ መሰለኝ፣ ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ከጎኔ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ። ዳገቱን እንደ ጀመርን ውሃቸውን ጨርሰው ጠርሙሱን በመስኮት ወረወሩት።

«አባቴ፣ ምነው ባይጥሉት?» አልኳቸው።

«የት ላርገው ልጄ? ልታቀፈው? ገደል እኮ ነው፣ ማን ያየዋል?»

ከገደሉ ሥር የሚኖረው ያየዋል ልል ነበር። እኔ የምለውን ነገር በልቤ አስተካክዬ እስክጨርስ መኪናው ሁልጊዜ ቦታውን ያልፋል።

ረፋድ፣ ኩልመስክ

ኩልመስክ ላይ ለቁርስ ቆምን። ሽሮዋ ጥሩ ናት፣ በርበሬዋ ግን ታስለቅሳለች። ባለቤቲቱ ምድጃውን ልታያይዝ ስትል ላስቲክ ጠቅልላ ከእንጨቱ ሥር ሰገሰገች። እሳቱ ቦግ አለ፤ ጥቁር ጭስ ቤቱን ሞላው። ሴትዮዋ ደረቷን ይዛ ደጋግማ ሳለች።

«ይህ ሳል መቼ ጀመረሽ?» አልኳት።

«ውይ፣ የብርድ ነው እቴ። ደጋ አይደል!»

እኔ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። የላስቲክ ጭስ ሳንባን እንደሚጎዳ፣ ፌስታል እንደማይበሰብስ፣ ጨው የናፈቀው ከብት የጨው ላስቲክ ሲልስ እንደሚውጠው የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ አለን። ባለፈው ዓመት ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ቃላቱን አንድ በአንድ አስጠንቻቸዋለሁ።

ከኩልመስክ በኋላ መንገዱ ወደ ብርዱ ይወጣል። ገብሱ ታጭዷል፣ ማሳው ራቁቱን ነው። የአጥሩ እሾህ ሁሉ ጥቁርና ሰማያዊ ፌስታል ይዞ በንፋሱ ይርገበገባል። ከሩቅ አበባ ይመስላል። በጎች ሥሩ ይግጣሉ።

ከሰዓት በኋላ፣ እት ውዴ ቤት

እት ውዴ በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከኋላዋ በረቱ ባዶውን ነው።

«መጣሽ፣ ፈንታዬ? ምን ልትጠጪ መጣሽ? ወተት እንዳልሰጥሽ...»

ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ አጥሩ ላይ ወደ ተሰቀለው ነገር ወሰደችኝ። ደርቋል። ፌስታሉ፣ ገመዱ፣ የማዳበሪያ ከረጢቱ ክር አንድ ላይ ተድቦልቡሎ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ዞር ብዬ በሌላ ጎኑ አየሁት። አንድ ሰማያዊ ፌስታል ጫፉ ወጥቷል፤ ላዩ ላይ የደበዘዘ ጽሑፍ አለ። «ጨው» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል አይጠግብም። ባገኘሁት ዕቃ ሁሉ ላይ እጽፋለሁ። ለእህቴ የምወስድላትን ሁሉ «ጨው»፣ «ምስር»፣ «ስኳር» እያልኩ በማርከር እጽፍበታለሁ። እሷ አታነብም። «ለማን ነው የምትጽፊው? ለአይጥ?» እያለች ትስቅብኛለች።

እት ውዴ ፌስታል ጥላ አታውቅም። ታጥባለች፣ ታጥፋለች፣ በገመድ ሰክታ ከማገሩ ላይ ትሰቅላለች። ለዘር መቋጠሪያ፣ ለዝናብ ራስ መሸፈኛ ይሆናታል። ጳጉሜን ላይ መጥቼ፣ እሷ ገበያ ውላ እስክትመለስ ቤቷን ለዘመን መለወጫ አጸዳሁላት። የተሰቀለው ፌስታል አስጠላኝ። የተማረ ሰው እህት ቤት አይመስልም አልኩ። አውርጄ ከበረቱ ጀርባ ካለው ጉድባ ወረወርኩት። ማታ «ፌስታሎቼስ?» ስትለኝ፣ «ላሊበላ ልወስዳቸው ሻንጣዬ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ፤ እዚያ የሚሰበስቡ አሉ» አልኳት።

አመነችኝ። ያነበበ ሰው ይዋሻል ብላ አታስብም።

በማግስቱ፣ ወይራው ሥር

መንደሩ ለአውጫጭኝ ተጠርቶ ነበር። እዚህ አገር ከብት ያለ ምክንያት ከሞተ፣ ወይም እህል ከተቃጠለ፣ ሽማግሌ ሰውን ሁሉ ሰብስቦ በየተራ ያስምላል፤ ያደረገም ያየም ይናገራል። በዳኝነት የተቀመጡት ሽማግሌ አያ ይመር ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ዓይናቸው ግን ሰው የማያስቀር።

«ያየህ፣ የሰማህ፣ ያደረግህ ተናገር» አሉ። «ይህችን ላም የገደለ ላስቲክ ከማን እጅ ወጣ?»

አንዱ ከኋላ፣ «አያ፣ ይኸ አውጫጭኝ ከሆነ ሁላችንም ታሰርን!» አለ። ሰው ሳቀ። እት ውዴ አልሳቀችም። ተነስታ ጣቷን ዘረጋች።

«የኔን ፌስታል እህቴ ላሊበላ ወስዳዋለች። እዚህ መንደር ፌስታል የሚሰጥ አንድ ሱቅ ነው። የዘይነባ።»

ዘይነባ ከመንገዱ ዳር ሱቅ አላት። ከእህቴ ጋር ሃያ ዓመት ጎረቤት ናቸው። ሥጋ አብረው አይበሉም፤ አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ እስላም ናት። ወተት ግን አንድ ነበር። የዘይነባ ልጅ ሐዋ እናቷ ታማ ጡት ሲደርቅባት በቦራ እናት ወተት ነው ያደገችው፤ ከዚያ ወዲህም በየማለዳው አንድ ዋንጫ ወተት ከእት ውዴ ቤት ወደ ዘይነባ ቤት ሳይሄድ ቀርቶ አያውቅም።

«ወላሂ!» አለች ዘይነባ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ። «ውዴ፣ እኔ የቦራን ወተት እየጠጣሁ ቦራን እገድላለሁ? ከሱቄ የሚወጣውን ሰው ከጣለው እኔ ምን ላርግ?»

«ጠጥተሽ ነው የገደልሻት!»

ተራው እየዞረ ወደኔ መጣ። አያ ይመር አዩኝ።

«እሷ የሰው እንግዳ ናት» አሉ። «እንግዳ አይምልም። ይለፋት።»

ተራው አለፈኝ። ያኔ መነሳት ነበረብኝ። ከወይራው እስከ አጥሩ ሃያ እርምጃ ነው፤ ሄጄ «ይኸውላችሁ፣ አንብቡት» ማለት ነበረብኝ። ጫማዬን አየሁ።

ሽማግሌዎቹ ዘይነባ ፌስታል መስጠቷን ታቁም አሉ። እት ውዴ ግን ሌላ ነገር ተናገረች፦ «የዘይነባን ደጅ ብረግጥ እግሬ ይሰበር!» ሰው ሁሉ «ኧረ በማርያም!» አለ። ቃሏ ግን ከአፏ ወጥቷል።

መልስ ጉዞ

መኪና የሚቆመው ከዘይነባ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ስትጠብቀኝ የቆየች መሰለኝ፣ ወጣች። በጋዜጣ ጠቅልላ ስኳር ሰጠችኝ።

«ከእንግዲህ ላስቲክ የለኝም» አለች። ፈገግታዋ ግን አልቆየም። «አብሽሪ እሺ? እህትሽን አብሽሪ በያት። ሐዋን ሚያዝያ ላይ ልድራት ነው። ያለ ውዴ ግን እንዴት ነው የምድራት?»

«እነግራታለሁ» አልኩ። ምኑን እንደምነግራት አልጠየቀችኝም።

ላሊበላ የገባሁት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ቤቴ ገብቼ ያለኝን ፌስታል ሁሉ ቆጥቤ ያስቀመጥኩበትን ከረጢት አየሁት። የትም ልጥለው አልቻልኩም። ባቃጥለው ጭሱ ለጎረቤቴ ሕፃን ነው፤ ሸለቆ ብጥለው ለሌላ ሰው ከብት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ የማይበሰብሰው ላስቲኩ ብቻ አይደለም።

ሚያዝያ፣ ከነአኩቶ ለአብ ስንመለስ

እት ውዴ ለጸበል መጣች። ነአኩቶ ለአብ ወርደን በትንሽ ጀሪካን ጸበል ቀድታ እየተመለስን፣ ዳገቱ ላይ ድንጋይ አግኝተን ተቀመጥን።

«የሐዋ ሠርግ አለፈ» አለችኝ በድንገት። «ከበሮውን ከቤቴ ሆኜ ሰማሁት። በሩን ዘጋሁ።»

ያኔ ነገርኳት። ጉድባውን፣ ሻንጣዬ ውስጥ ነው ያልኩትን ውሸት፣ ድቡልቡሉ ላይ ያየሁትን ጽሑፍ፣ ከወይራው ሥር መቀመጤን። ሳላስተካክል፣ እንደመጣልኝ ነገርኳት።

የጀሪካኑን ክዳን አጥብቃ ዘጋችው፤ ቀድሞም ተዘግቶ ነበር።

«ላሚቱስ ሞተች» አለች በመጨረሻ። «ከብት ይሞታል። ዘይነባን ግን በቁሟ አስቀበርሽኝ።»

ጀሪካኑን ልሸከምልሽ ብላት እምቢ አለች። ቀድማኝ ሄደች። ትንሽ እንደሄድን ጎንበስ አለችና ከመንገዱ ዳር አንድ ፌስታል አነሳች። አፈሩን አራግፋ፣ አገላብጣ አየችውና ወደኔ ዘረጋችው።

«ይኸስ የማን ነው? አንብቢልኝ።»

«ምንም አልተጻፈበትም» አልኳት።

አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።