እትዬ የመለሱት መታወቂያ

ወሬውን የሰማሁት ከቅዳሴ በኋላ ነው። በምኖርበት በዚህ የሰሜን አገር ከተማ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን የለንም። የፈረንጆቹን በኪራይ እየተጠቀምን፣ እሑድ በማለዳ ቀድሰን፣ ባለቤቶቹ ሳይመጡ ምንጣፋችንን ጠቅልለን እንወጣለን። ነጠላዬን እያጣጠፍኩ ሳለ አንዲት ሴት አጠገቤ መጥታ ቆመች። አየሁና ለየኋት። አሰብ ሳለሁ ወደቡ አጠገብ ባለ ሆቴል ልብስ ታጥብ የነበረች፣ በሰንበት ጎን ለጎን እንቆም የነበርን ሴት ናት። በጅቡቲ በኩል ወጥታ፣ ባሏ አስመጥቷት፣ እዚህ ከገባች ወር አልሞላትም ነበር።

«አንቺ፣ እትዬ ቤት የነበርሽው ተማሪ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«እትዬ እኮ ተባረሩ። አልሰማሽም?»

አልሰማሁም ነበር።

«ጦርነቱ በተነሳ በወሩ ነው፣ ከነለበሱት ነጠላ በጭነት መኪና ጭነው በራሔይታ መንገድ ወደ ጅቡቲ ሰደዷቸው። ልጃቸው ቀረች። መታወቂያ ነበራቸው ስንል፣ የለም፣ ስማቸው ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ነው የተጻፈው አሉን። ባለሱቁ ሐጂ ናቸው አሉ የጠቆሙባቸው። ልጅቱ ታዲያ በደጃቸው ባለፈች ቁጥር ምራቋን ትተፋለች።»

ሐጂ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ማን እንደሆነም አውቃለሁ። «እግዚአብሔር ይሁናቸው» ብዬ ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ምንጣፍ ሊጠቀልሉ ከጎነበሱት ጋር ጎነበስኩ። ይኸው ሦስት ወር ሆነው፤ የምጽፈው ያን ቀን ያልተናገርኩትን ነው።

አሰብ የሄድኩት ለትምህርት ነው። ፍልሰትና ድንበር የሚባል ትምህርት ነበረን፤ አንዱን መንፈቅ ከአገራችን ውጭ፣ ስደተኛ በሚበዛበት ከተማ ወይም ድንበር አጠገብ ተቀምጠን፣ ሰው ጠይቀን ጽሑፍ እንድናቀርብ ይፈለግብናል። ጓደኞቼ ናይሮቢ ደረሳቸው፣ ለአንዷ ሮም ደረሳት። ለእኔ አሰብ። «ውጭ አገር ሄድኩ ብለሽ ስታወሪ አውቶቡስ ይዤ እንዳትዪ» እያሉ ሳቁብኝ። እውነትም በአውቶቡስ ነው የሄድኩት። አባቴ ኮምቦልቻ ላይ ሚስትና ልጆች ትቶ ሃያ ዓመት ከአሰብ ቦቴ የነዳበት መንገድ ነው። እሱ፣ ዛሬ ድንበር በሆነችው ቡሬ ላይ የሚያቆመው ጎማ ለመምታትና ውሃ ለመጠጣት ነበር። እኔ ፓስፖርቴን አውጥቼ ተሰለፍኩ። አሰብ ውጭ አገር ከሆነች ገና አምስት ዓመት አልሞላትም፤ ማኅተሙን የመታልኝ ሰው አማርኛው ከእኔ የጠራ ነበር።

እትዬ ካምቦ ሱዳን በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር፣ በጣውላ በተሠራች ባለሁለት ክፍል ቤት ይኖሩ ነበር። አንዷን ክፍል ለእኔ ለቀው፣ እሳቸውና ወደቡ ላይ ስልክ ኦፕሬተር የነበረችው ልጃቸው በአንዷ ተጣበቡ። የልጅቱ አባት የሐማሴን ሰው፣ የማጣሪያው ሠራተኛ ነበሩ አሉ፤ ነጻነቱ ሳይመጣ ሞተዋል። ከቤቱ ፊት ለፊት የሐጂ ሱቅ አለ። ሐጂ በልጅነታቸው አባታቸው ከወሎ ይዘዋቸው የመጡ፣ በዚያው ሱቅ የሸበቱ ሰው ናቸው። ቀትር ላይ በሩን ዘግተው ይተኛሉ፣ ዓሥር ሰዓት ሲሆን የታጠበ ፊታቸውን ይዘው ባንኮኒው ኋላ ይቆማሉ። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ እዚያ ነው።

«ዶክተሬ፣ ዛሬስ ተረኛው ማነው?» ይሉኛል ደብተሬን ሲያዩ።

«እርስዎ ነዎት፣ ሐጂ። ለምን እንደመጡ ነው የምጠይቀው።»

«እኔማ በአባቴ ትከሻ ነው የመጣሁት። ለምን እንደመጣ እሱን ጠይቂው፤ መቃብሩ ከመስጊዱ ጀርባ ነው፣ በጣም አይርቅም።»

«ሐጂ፣ ልጅቷ ላይ አይቀልዱባት» አሉ እትዬ።

«እርስዎ ደግሞ ዝም ይበሉ፣ የሐማሴኗ እመቤት።»

ጥላው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እትዬም ሳቁ። እኔ አልገባኝም፣ ግን የማይገባኝን ነገር ሁሉ ጽፌ ኋላ መጠየቅ ልማዴ ነበርና ጻፍኩት።

የነገሩኝ በዐቢይ ጾም፣ ምስር እየለቀምን ነው። ከመጠይቄ ውስጥ አንዱ «የዜግነት ማስረጃዎን እንዴት አገኙ?» የሚል ነበር። ለሌላ ሰው አይናገሩትም፤ ለእኔ ግን፣ ቤታቸው ለምኖረው፣ ራት ሳልበላ ለማይተኙልኝ፣ ነገሩኝ። ከባላቸው ጋር የኖሩት በወረቀት ሳይፈራረሙ ነው። ባል ሞቱ፣ አገር ተለየ፣ መታወቂያ ይውጣ ተባለ። ያለ መታወቂያ ቤቱም፣ ከልጃቸው ጋር መኖሩም ያሰጋል። ለመታወቂያ ደግሞ የአመልካቹን ዘር የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ሐጂ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ሄዱና፣ የእትዬን አባት እናውቃቸዋለን፣ የሐማሴን ሰው ነበሩ ብለው ማሉ። የእትዬ አባት ግን የወሎ፣ የቦሩ ሜዳ ሰው፣ ጨው ማምረቻው ላይ አካፋ ይዘው የኖሩ ናቸው።

«ሁለቱ ሽማግሌዎች አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። የቀሩት ሐጂ ናቸው» አሉኝ። እንደ ውለታ ነው የነገሩኝ፤ ሰው ለሰው ያደረገው ትልቅ ነገር አድርገው።

እኔ ምስሩን ትቼ ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው። «እትዬ፣ ይሄ እኮ በሐሰት መማል ነው።»

«የማልኩት እኔ ነኝ እንዴ?»

«ለማን ሲሉ ማሉ ታዲያ?»

ጎንበስ ብለው ምስሩን መልቀም ቀጠሉ።

በዚያ ቢያበቃ ምን ነበር። አላበቃም። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሰባቱን አጽዋማት እጾማለሁ፣ ዳዊት ሳልደግም ከቤት አልወጣም፣ ከአፌ ውሸት አይወጣም። ይህን ሁሉ ለራሴ ቆጥሬ ይዤዋለሁ። እትዬ ደግሞ ከዚያ መሐላ ወዲህ መቁረብ ፈርተው እንደነበር ቀስ ብዬ አወጣጣሁ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ነገርኳቸው። «በሐሰት አትመስክር»ን አነበብኩላቸው። የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው መጡና፣ «የጎረቤት ርኅራኄ ነው፤ ስገጂ፣ ጹሚ፣ ወረቀቱን ግን ተይው ብለውኛል» አሉኝ ፊታቸው በርቶ። «ቀላል አድርገውልዎት ነው» አልኳቸው። የቄሱን ቃል የሻርኩት እኔ ነኝ፣ በተከራይነቴ።

በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ጠዋት፣ «በይ ጻፊልኝ» አሉኝ። መታወቂያውን እመልሳለሁ የሚለውን ማመልከቻ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩ። የምስክሮቹን ስም እንዳላነሳ ተጠነቀቅኩ፤ ምስክሮቹ በስህተት እንደነገሩ አድርጌ አለሳለስኩት። ሌላውን ውሸት ለማውጣት ትንሽ ውሸት መጨመሬ ያኔ አልታየኝም።

አብሬያቸው ወደ መታወቂያ ቢሮው ሄድኩ፤ ጸሐፊው አዲስ አበባ ያደገ ጎልማሳ ነበር። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ማመልከቻውን መታወቂያው ላይ አጥፎ ወደ እትዬ ገፋው።

«እናቴ፣ እኔ ይህን አላየሁም። ይዘው ይግቡ።»

እትዬ ዞረው አዩኝ። ያን ጊዜ እጃቸውን ይዤ ብወጣ፣ ዛሬ ልጃቸው ጋር ነበሩ።

«ይቀበሏቸው፣ ህሊናቸው ስለከበዳቸው ነው» አልኩ።

«አንቺ ማነሽ?»

«ተከራያቸው ነኝ።»

«ተከራይ ነገ ይወጣል» አለኝ። ተቀበለ ግን። በመታወቂያው ፈንታ በየዓመቱ የሚታደስ የውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ጻፈላቸው፣ ስማቸውንም በሌላ መዝገብ አሰፈረ።

ሐጂ ሲሰሙ ስኳር እየመዘኑ ነበር። ሚዛኑን አስቀመጡት።

«እትዬ፣ ለመሐላው አላህ የሚጠይቀው እኔን ነው። እርስዎ ምን አገባዎት?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ዶክተሬ፣ ቤት የሚያፈርስ ሰው መጀመሪያ ውስጥ ማን እንዳለ ያያል። ወደቡ ላይ ከአገርሽ የሚመጣው መኪና እንዴት እንደሳሳ አላየሽም? ነገር እየሸተተኝ ነው እኔ።»

«እውነት ማንንም አይጎዳም፣ ሐጂ» አልኳቸው። ይህን ያልኩት ለሰፈሩ መጠለያ ለነበሩ፣ ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ብለው ነፍሳቸውን ላስያዙ ሽማግሌ ነው።

በትንሣኤ እትዬ ቆረቡ። ሲመለሱ እንደ ሙሽራ ተከናንበው ነበር፤ ልጃቸው ከፊት እየሄደች መንገድ ታስለቅቅላቸዋለች። ልቤ በትዕቢት እንዴት እንደሞላ እግዚአብሔር ያውቃል። ሰውን ወደ እውነት መለስኩ ብዬ ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በመጣሁበት አውቶቡስ ተመለስኩ፣ ጽሑፌን አስረከብኩ። የእትዬን ታሪክ፣ ስማቸውን ሰውሬ፣ ሦስት ገጽ አድርጌው ነበር። ከክፍላችን አንደኛ የተባለው የእኔ ነው። መምህራችን ጠርዙ ላይ «ሕያው ምሳሌ» ብለው ጻፉበት። በዚያ ጽሑፍ ነው የውጭ ትምህርት ዕድል አግኝቼ እዚህ የደረስኩት።

ጦርነቱ የተነሳው ገና ጽሑፌ ታርሞ ሳይመለስልኝ ነው። ድንበር ብዬ ስማር የነበረው ነገር መድፍ ያዘ፤ አባቴ ውሃ የሚጠጣበት ቡሬ ምሽግ ሆነ። ሁለቱ መንግሥታት ሰው እየለዩ ማስወጣት ጀመሩ፣ የእኛውም የእነሱም። ለመለየት ደግሞ መዝገብ አይቶ ማንበብ ይበቃል። እትዬ መዝገቡ ላይ ነበሩ፤ የጻፍኩት ማመልከቻ ነው ያስገባቸው። ሐጂማ ቢጠቁሙ በሐሰት የማሉት ራሳቸው ናቸው፣ እንዴት አድርገው ይጠቁማሉ? ይህን ለማሰብ መማር አያስፈልግም። ልጅቱ ግን እናቷን የወሰዱባት ልጅ ናት፤ የምትጠላው ሰው ፊት ለፊቷ ሲኖር ይቀላታል። እትዬ ወደ ቢሮው ለምን እንደሄዱ ያን ዕለት አልነገሯትም፤ እንዳታዝንብኝ ብለው ደብቀዋት ነበር። ደብቁ ያልኳቸው እኔ አይደለሁም፣ ግን መደበቃቸውን እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ቀኖና ሰጥተውኛል፣ እየፈጸምኩ ነው። ስግደት ግን ካምቦ ሱዳን አይደርስም። ለልጅቱ ደብዳቤ እንዳልጽፍ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ፖስታ የለም። በሌላ አገር አዙሬ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ መልስ የለም።

ስለዚህ በዚያ ጊዜ እዚያ የነበራችሁ፣ የምለምነው እናንተን ነው። በራሔይታ መንገድ በጭነት መኪና ከእትዬ ጋር የተጫናችሁ ካላችሁ፣ ጅቡቲ መድረሳቸውን ያያችሁ ካላችሁ፣ የት እንዳሉ ንገሩኝ፤ ሞተውም ከሆነ ንገሩኝ፣ በስማቸው ላስቀድስ። አሰብ የቀራችሁ ደግሞ፣ በተለይ በሐጂ ጥላ ስር የምትቀመጡ፣ ያቺን ልጅ ከሥራ ስትመለስ አስቁሟት። ሐጂ እንዳልሆኑ ንገሯት። እናትሽን ወደዚያ ቢሮ የወሰደቻት በቤታችሁ ትኖር የነበረችው ተማሪ ናት፣ ማመልከቻውንም የጻፈችው እሷ ናት በሏት። ባታምናችሁ፣ ጽሕፈቴን ታውቀዋለችና ይህን ወረቀት አሳዩልኝ።