ሰሌዳውን የፈታሁ ዕለት

ባለፈው ወር ገላን ኮንዶሚኒየም፣ የወንድሜ ልጅ ከሚኖርበት ሕንፃ ሥር ነበርን። የወንድሜ ልጅ እዮብ መኪናው አጠገብ ተንበርክኮ የፊቱን ጎማ በጨርቅ ይወለውላል። ሚስቱ እጇን አጣጥፋ ደረጃው ላይ ቆማለች። ወንድሜ ጌታቸው የፕላስቲክ ወንበር አስወጥቶ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ጥላው ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ከእሱ አራት እርምጃ ያህል ርቄ፣ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ፀሐዩ ላይ ቆሜያለሁ። ጥላው ለሁለት ይበቃ ነበር።

እዮብ ለመኪናው አዲስ የጎማ ቸርኬ አስገጥሞለት ነበር የጠራን። ሰፊ ቸርኬ ነው። ጎማው ከላዩ ካለው ቆርቆሮ፣ ከፓራፋንጎው፣ አልፎ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ መኪናዋም ዝቅ ብላ እግሯን ያንፈራጠጠች ትመስላለች።

"አክስቴ፣ እንዴት አዩት?" አለኝ።

"ቀዳዳው ልክ ነው?"

"ልክ ነው። ለዚሁ መኪና የተሠራ ነው።"

ወንድሜ እኔን ሳያይ፣ "እሷን አትጠይቃት። ካቻቢቴ ከቦርሳዋ አይጠፋም" አለ። የእዮብ ሚስት ሳቀች። ታሪኩን የምታውቀው ከእሱ አፍ ነው። ከእኔ አፍ የሰማው ሰው የለም። ስለዚህ እንደነበረ ልጻፈው።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አቃቂ፣ ከድልድዩ ወዲያ፣ አባታችን የባቡር ሠራተኛ ሳለ በሠራው ቤት ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚያው ሰፈር አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ገብቼ፣ ቶርኖ ላይ ብረት መቅረጽ ተምሬያለሁ። ማሽን ላይ ከምንቆመው ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቶርኖ ሰውን ዝም ያሰኛል። ስትለካ ትንፋሽህን ትይዛለህ፤ የለካኸውን እንደገና ትለካለህ፤ ከዚያ ትቆርጣለህ። የተቆረጠ ብረት አይመለስም።

አባታችን ሲሞት አንዲት ትንሽ ነጭ የጣሊያን መኪና ትቷል፤ ሞተሯ የፊት ጎማዎቿን የሚያዞር ዓይነት። ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት ሊብሬውን በእኔ ስም አዛውሮት ነበር። ጌታቸው ያኔ ሰሜን ጦር ግንባር ነው፤ ይኑር ይሙት የሚያውቅ አልነበረም።

እሱ ግን መጣ። ከምርኮ ተለቆ፣ የሰው ኮት ደርቦ፣ ከቃሊቲ ጀምሮ በእግሩ መጣ። እናቴ በግ አሳረደች፤ ጎረቤት ሦስት ቀን ገባ ወጣ። በአራተኛው ቀን የመኪናውን ቁልፍ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ሊብሬውን አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሳሁም። በሳጥኔ ውስጥ ቀረ።

ጦሩ ውስጥ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። አሁን ግን የቀድሞ ወታደር መሆኑን የሰማ ሁሉ "ተመለስ፣ እንጠራሃለን" ይለዋል። የጠራው የለም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በመኪናዋ ላይ ያውለው ጀመር። ዝቅ እንድትል ሞላዎቿን አንድ አንድ ዙር አስቆረጠ። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን ለወጠ፤ ገና ከድልድዩ ማዶ ሳለ መምጣቱ ይሰማ ጀመር። ከፋብሪካ ስመለስ የሰፈሩ ጎረምሶች ከበውት አገኘዋለሁ። እኔ ሳልፍ ወሬው ይቆማል።

ጥር ላይ የአክስታችን ልጅ ሠርግ ደብረ ዘይት ተደገሰ። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሸዋንግዛው የሚባል፣ ቃሊቲ መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን የጌታቸው ጓደኛ፣ ከተገለበጠ መኪና የወጡ አራት ሰፋፊ ቸርኬዎች አመጣለት። ማታ ራት ልንበላ ስንል ጌታቸው አንዱን አምጥቶ ገበታው ላይ አጋደመው።

"ቀዳዳው ትንሽ አልገጥም ብሏል። ፋብሪካ ወስደሽ አስፊልኝ።"

ካሊፐሬን አምጥቼ ለካሁ። ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ትይዩው ያለው ርቀት፣ በእኛ መኪና ላይ ጎማው ከሚታሰርበት ሞዞ በሁለት ሚሊ ይበልጣል።

"ጋሼ፣ ይሄ የሌላ መኪና ነው።"

"ቸርኬ ቸርኬ ነው።"

"አይደለም። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ብሎኑ መቀመጫ ያጣል። ሲነዳ እየላላ ይሄዳል።"

"ሁለት ሚሊ" አለ ወደ እናቴ ዞሮ። "ታንክ ሥር ሰው ሲገባ አይቼ መጥቻለሁ። ልጅሽ በሁለት ሚሊ ታስፈራራኛለች።"

"ወንድምሽ ነው፤ ብትሠሪለት ምን አለበት?" አለች እናቴ።

ቸርኬውን አንስቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። "አልሠራውም" አልኩ። ወጡ ቀዝቅዞ ነበር።

ከዚያ ማታ ጀምሮ እኔን በስሜ መጥራት ተወ። "መሐንዲሷ" ይለኝ ነበር። "መሐንዲሷ ውሃውን ትለካልን፤ መሐንዲሷ ጨው ስንት ሚሊ ይግባ ትላለች?" እናቴ ትስቃለች። ከእሱ ጋር መሳቅ ናፍቋት ስለነበር አልፈረድኩባትም፤ ግን ቆጥሬዋለሁ። ቀዳዳዎቹን ሸዋንግዛው በክብ ሞረድ ሁለት ቀን ሙሉ ሲሞርዳቸው ዋለ። ጎማው ወደ ውጭ ስለሚወጣ የፓራፋንጎውንም ከንፈር አስቆረጡት።

በሠርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ "ግቢና በገላሽ እይው" አለኝ። ገባሁ። ወደ ቱሉ ዲምቱ ወጣን። ዛሬ ፎቅ የሞላበት ያ ኮረብታ ያኔ ቀይ አፈር ብቻ ነበር። በግራና በቀኝ የጭድ ክምር፤ መንገዱ ዳር እሸት ሽምብራ በእቅፍ የሚሸጡ ሴቶች፤ ነፋሱ አቧራና የጭድ ሽታ ያመጣል። ጌታቸው ነዳጅ ሲሰጣት መሪው ወደ ቀኝ ይነጥቀዋል፤ እግሩን ሲያነሳ ወደ ግራ ይጥለዋል። በሁለት እጁ እየታገለ "ጉልበት ነው፣ ጉልበት" ይላል።

ጉልበት አልነበረም። በእንዲህ ያለች መኪና የፊት ጎማ ሁለት ሥራ አለው፤ ይጎትታልም፣ መንገድም ይመራል። ከቦታው አርቀህ ወደ ውጭ ካወጣኸው እጀታው እንደረዘመ መጥረቢያ ይሆናል፤ ትንሽ ነገር የያዘውን እጅ ይጠመዝዛል። ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር ጎማው ቆርቆሮውን ይፋቃል፤ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል። ቤት ስንደርስ ወርጄ የግራውን ጎማ መሀል ነካሁት። ኩሽኔታው ያለበት ቦታ ግሎ እጅ አያስቀምጥም። ከአራቱ ብሎኖች አንዱን በጣቴ አዞርኩት። ዞረ።

"ላልቷል" አልኩት።

ቁልፉን አምጥቶ በእግሩ ረግጦ አጠበቀው። "አሁንስ?"

"ነገም ይላላል።"

"ነገ ነገ ነው" ብሎ ገባ።

እሑድ ጠዋት ግቢው ውስጥ መኪናዋ ታጥባ ቆማለች። እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። ሌሊቱን የጋገረችው ድፎ ዳቦ በነጠላ ተሸፍኖ ጭኗ ላይ ነው፤ የኮባው ሽታ ደጅ ድረስ ይመጣል። ሠርጉ የታናሽ እህቷ ልጅ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ሸዋንግዛው ከረቫት አስሮ በሩን ይዟል። አጥር ላይ ጎረቤት ተደግፎ ያያል።

"እማዬ፣ ውረጂ" አልኳት።

"አስካለ፣ ዛሬ እንኳ ተይኝ።"

"ትናንት አንዱ ብሎን ላልቷል። ዱከም ሳትደርሱ ጎማው ሊወጣ ይችላል። መንገዱ ከባድ መኪና የሚበዛበት ነው።"

"እትዬ፣ አይስሟት" አለ ሸዋንግዛው። "እኔ በእጄ ነው ያሰርኩት። ሰው ካልፈታው ራሱ አይፈታም።"

ጌታቸው በመኪናዋ ጣሪያ ላይ ክንዱን ዘርግቶ ለእኔ ሳይሆን ለጎረቤቱ ተናገረ። "መኪናውን ወሰደች፣ ቤቱ የእሷ፣ ደመወዙ የእሷ። አንድ የጎደላት ባል ነው። የሰው ሠርግ እንዴት ይሁንላት?"

አጥሩ ላይ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ተከተለ። እናቴ ዳቦውን አስተካከለች።

ጓዳ ገብቼ ካቻቢቴ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ የኋላውን ሰሌዳ ፈታሁ። ምን እንደማደርግ እስኪገባቸው ሁለተኛውን ብሎን ጨርሼ ነበር። የፊቱ ዝጓል። ተንበርክኬ ስታገለው ጌታቸው ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ነዳጅ ረገጠ፤ መኪናዋ ተነቃነቀች፤ ከፊቷ ያለው ብረት ከግንባሬ አንድ ስንዝር አልራቀም።

"ጌታቸው" አለች እናቴ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ እላዬ ላይ ቆመ። ጫማው ይታየኛል፤ ጠቁሮ ተወልውሏል። "ብመታሽ ማንም አይፈርድብኝም" አለ።

"ሊብሬው በስሜ ነው" አልኩ።

ሁለቱን ሰሌዳዎች በነጠላዬ ጠቅልዬ በሸዋንግዛው ፊት አልፌ ወጣሁ። ባቡር ጣቢያው ወንበር ላይ እስኪመሽ ተቀመጥኩ።

ሰሌዳ የሌላት መኪና አቃቂን ወጥታ የትም አትደርስም፤ ያንን ጌታቸውም ያውቃል። እናቴ በአውቶቡስ ልትሄድ መንገድ ዳር ወጥታ ነበር፤ የሠርግ ወር ነውና ሁሉም ሞልቶ ያልፋል። ዳቦውን ይዛ ተመለሰች። ማታ ስገባ ለጎረቤት ተቆርሶ አልቋል። ለእኔ የተቀመጠ አልነበረም። እህቷ እናቴ በመቅረቷ ተቀይማ አራት ዓመት ደጃችንን ሳትረግጥ ቆየች፤ እናቴም የምታናግረኝ ለሥራ ብቻ ሆነ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጌታቸውን ጋሼ ብዬው አላውቅም።

መኪናዋን በወሩ ሸጥኩ። ገዢው የወሰዳት በድሮ ቸርኬዋ ነው። አራቱም ጓዳ ነበሩ፤ እንዳይዝጉ ዘይት የቀባኋቸው እኔ ነኝ። ክሪክና የጎማ ቁልፍ ላለው ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። እሑድ ጠዋት "ቆዩ፣ የድሮውን ላስገባ" ብል እናቴ ከምሳ በፊት ደብረ ዘይት ትደርስ ነበር። አላልኩም። ሳላስታውሳቸው ቀርቼ አይደለም። ካቻቢቴውን ልወስድ ስገባ ተራምጄያቸው ነው ያለፍኩት።

ወንድሜ እስከ ዛሬ፣ መኪናዋ በሰላም ደርሳ በሰላም ትመለስ ነበር ይላል። ስላልሄደች ማንም ሊመሰክርልኝ አይችልም። ልክ እንደነበርኩ አውቃለሁ፤ ብረቱን ለክቼዋለሁ። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ የምታውቀው ልጇ ሠርግ እንደከለከለቻት ነው። በለቅሶዋ ጊዜ ወደ ጌታቸው ግቢ ስገባ እነዚያ ሰፋፊ ቸርኬዎች የውሃ በርሜል ተሸክመው አየኋቸው። እሱም ሳያቸው አየኝ።

እዮብ ጨርቁን አጥፎ ተነሳ። "ኑ፣ እስከ ቱሉ ዲምቱ ዞር እንበልባት" አለ። እዮብ ሊደግፈው የዘረጋውን እጅ ወንድሜ በከዘራው ገፋ አድርጎ ራሱ ሄዶ ከፊት ተቀመጠ። ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አኖረ። የእዮብ ሚስት የኋላውን በር ከፍታ ጠበቀችኝ።

ጌታቸው መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ትገቢያለሽ ወይስ ትፈቺያለሽ?"

ቦርሳዬን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩና ወደ ታክሲው መንገድ ሄድኩ።