ግርጌ የሌለው አልጋ

አናጢውን የሰፈሩ ሰው ከኪሱ በማይጠፋው መለኪያ ስም «ሜትሮ» ይለዋል። ደንበኛ «የክፍሌ ስፋት ይህን ያህል ነው» ቢለው አያምንም፤ ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ተንበርክኮ፣ ራሱ ካልለካ መጋዝ አያነሳም። «ሰው ቤቱን የሚያውቀው በልቡ ነው፤ ቁም ሣጥን ደግሞ ልብ ውስጥ አይገባም» ይላል።

ከሚስቱ ከተለያዩ ሁለት ዓመት አልፏል። በመጨረሻው ቀጠሮ ዳኛዋ የባልና ሚስቱን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለብቻዋ ቢሯቸው አስገብተው አነጋገሯት። ከዚያ ውሳኔው ተነበበ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ቅዳሜን አባቷ ዘንድ ትውላለች፤ እዚያ ማደር ግን በራሷ ፈቃድ ነው፣ ማንም አያስገድዳትም።

ሜትሮ ከችሎት ሲወጣ ጆሮው ላይ የቀረችው ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ነበረች። መዋሉን ፍርድ ቤት ሰጠው። ማደሩን የምትሰጠው ልጁ ናት።

የሚኖረው ከሥራ ቦታው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር ያለውን ሣጥን አውጥቶ ለልጁ አልጋ መሥራት ጀመረ። ለደንበኛ ያላወጣውን የደረቀ ጣውላ አወጣ፤ ራስጌውን በብርጭቆ ወረቀት ደጋግሞ አለሰለሰው። አብሮት የሚሠራው ቀለም ቀቢ ቆሞ አየው።

«ቁመቷን ጠይቀሃል?»

«ማንን?»

«እናቷን ነዋ።»

«የገዛ ልጄን ቁመት ከሰው ልጠይቅ? እዚህ ጋ ናት» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ልጅ እንደ ጣውላ አይደለም ወንድሜ፤ ያስቀመጥክበት አታገኘውም።»

«አንተ ቫርኒሽህን በጥብጥ።»

በሁለቱ ዓመታት ልጁን ያያት የነበረው ወይ የፍርድ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ወይ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከሩቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዋን አንግባ መጣች። አልጋውን አየች። ጫማዋን አውልቃ ጋደም አለች። ተረከዟ ግርጌው ላይ ወጣ። ጉልበቷን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋች፣ እንደገና ወጣ።

«አባዬ፣ ለማን ነው የሠራኸው?»

«ላንቺ ነዋ፣ የኔ እናት።»

«ለየትኛዋ እኔ?»

የቁጣ ድምፅ አልነበረም። ሜትሮ ግን በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «የዛሬ ሳምንት ሌላ ይጠብቅሻል። ይሄን ለሰው እሸጠዋለሁ» አለ።

ልጅቷ ተነስታ ጣቷን በራስጌው ጠርዝ ላይ አስሄደች። «አይሸጥም። ግርጌውን ብቻ ብታነሳውስ?»

«ግርጌ የሌለው ምን አልጋ ነው?»

«እያደግኩ ነዋ። እማዬ ጫማ መግዛት ሰልችቷታል። አንተ ደግሞ አልጋ ስትሠራ ልትኖር ነው?»

ይህን ብላ ሜትሮውን ከኪሱ መዘዘችና ሰጠችው። «በል ለካኝ።»

ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ሜትሮውን ከተረከዟ እስከ አናቷ ዘረጋው። ቁጥሩን አየ፤ ዓይኑን ጠርጎ መልሶ አየ።

«ስንት ወጣ?» አለ ቀለም ቀቢው ከበሩ።

«አንተ ሥራ የለህም?»

ግርጌውን አባትና ልጅ አብረው ነቀሉት። የጎን ጣውላዎቹ በረጃጅሞች መተካት ነበረባቸው፤ መጋጠሚያው በኮላ ይያዛል፣ ኮላው ደግሞ እስከ ማግስቱ አይደርቅም።

«እንግዲህ ዛሬ አይደርስም» አለ ሜትሮ፣ ቀና ሳይል። «ሳይመሽ እናትሽ ጋ አደርስሻለሁ።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እማዬ፣ ዛሬ እዚህ ነው የማድረው… አይ፣ አልጋው ገና ነው… ፍራሹን መሬት ላይ እናነጥፈዋለና። እሺ። እሺ፣ እነግረዋለሁ።» ስልኩን ዘጋች። «ብርድ ልብስ ደርብላት ብላሃለች።»

ሜትሮ ራሱን ነቀነቀ። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ፤ ጣውላው ላይ በልኳ ምልክት አደረገ። ትንሽ ቆይቶ ምልክቱን ሰረዘና እጁ እስከደረሰበት ገፋ አድርጎ፣ ሳይለካ፣ ሌላ አሰመረ።