የሙንጂያ መዳብ ድስት

ሙንጂያ ድስቷን በፎጣ ጠቅልላ በቱኒዚያዋ ከተማ ስፋክስ መሃል ካለው የምድጃ ሱቅ ስትገባ ደሟ ፈልቶ ነበር። ልጇ ላስአድ ሳያማክራት፣ ማግኔት የሚይዘውን ድስት ብቻ የሚያሞቅ የኢንዳክሽን ምድጃ መርጦ የጋዙን ሊያስነቅል ነው። አርባ ዓመት ያበሰለችው እሷ፣ መራጩ እሱ!

"እማዬ፣ ይሠራል አልኩሽ እኮ። ለረመዳን አስለብጠሽው ብረት መስሏል።"

"የተለበጠው በቀለጠ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ መዳብ ነው። ማግኔት አስጠግቼ አላሳየሁህም? አልያዘውም!"

"ሐጃ፣ አይጨነቁ፤ ይሄ ሁሉንም ያፈላል" አለ ሻጩ።

"እንግዲያው አፍላው!"

ውሃ አስሞላችና ድስቱን ለማሳያ በተሰካው ምድጃ መስታወት ላይ አስቀመጠችው። ምድጃው ሁለቴ ጮኾ ጠፋ። ሻጩ ደጋግሞ ነካካው፤ አሁንም ጠፋ። ሙንጂያ ጣቷን ነከረች። ውሃው ከቧንቧ እንደወጣ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ልጇ ዞረች።

"አንተ ኩስኩስ እንድትበላ በየዓመቱ አስለብጠዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ 'በምን ላይ ማብሰል ይሻልሻል?' ብለኸኝ ታውቃለህ?"

ላስአድ አቀረቀረ። "እሺ፣ አንቺ ምረጪ።"

ግማሹ ጋዝ፣ ግማሹ ኢንዳክሽን የሆነውን ምድጃ በጣቷ አሳየች። ድስቷን መልሳ እየጠቀለለች፣ "የጋዙ የኔ ነው፤ በዚያኛው ራስህ አብስልበት" አለችው። ቁጣዋ ግን አልበረደላትም።